የታረቁት ተከሳሽ

እኛ አሰላዎች ሕግ የተማረ ዘመድ ባይኖረን እንኳ ፍርድ አያጥረንም። አንድ ሰው ተከሰሰ ከተባለ፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ስኳሩን ሳያማስል «አምስት ዓመት ያስቀጣዋል»፣ «ኧረ በዋስ ይወጣል» እያለ ይበይንለታል። «ለመሆኑ የተከሰሰው በምንድን ነው?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ ግን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። እኔም የጎረቤቴ የጋሽ ታደሰ ነገር እስኪመጣ ድረስ ከበያኞቹ አንዱ ነበርኩ።

ጋሽ ታደሰ ከከተማ ወጣ ብሎ ዲክሲስ ወረዳ የስንዴ ማሳ አላቸው። ድንበርተኛቸው አቶ ከድር የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። ባለፈው አጨዳ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ኮምባይነሩ አንድ ሆኖ፣ ሁለቱም «መጀመሪያ የኔ ይታጨድ» ባይ ሆኑ። በአማርኛ የጀመሩትን ጭቅጭቅ በኦሮምኛ አጋሉት። አቶ ከድር ዱላ ሰነዘሩ፤ ጋሽ ታደሰ ዱላውን ይዘው ገፈተሯቸው፤ አቶ ከድር ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። በዚህ መሐል ዝናቡ መጥቶ የሁለቱንም ስንዴ መታው።

ሽማግሌ ገባ። በኛ አገር ወግ ሽማግሌ ፊት «እሱ ነው የጀመረኝ» ማለት ነውር ነው፤ ጨዋ ሰው ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል። ጋሽ ታደሰም «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፤ እኛም እርቅ ደም ያድርቅ ብለን ወደየቤታችን ገባን።

ዐቃቤ ሕግ ግን አልታረቀም። በከባድ የአካል ጉዳት ከሰሳቸው። ጋሽ ታደሰ «ታርቀን የለም እንዴ?» ቢሉ፣ መንግሥት የመደበላቸው ተከላካይ ጠበቃ፣ አንዲት ወጣት ልጅ፣ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ እርቁ ቅጣት ያቀል ይሆናል እንጂ ክሱን አያስቀርም። አብሬያቸው የሄድኩት እኔ በጉጉት ጆሮዬን አቆምኩ። ለካ ዳኛው ክሱን አንብቦ «ድርጊቱን ፈጽመዋል?» ሲል «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ካሉት፣ ምስክር ሳይሰማ ጥፋተኛ ሊላቸው ይችላል። ከካዱ ግን ማስረዳቱ የዐቃቤ ሕግ ዕዳ ነው። ራስን ሲከላከሉ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ራሱ ነጻ ያወጣል።

«ታዲያ ዱላ ያነሳው ማን ነበር?» አለቻቸው።

ጋሽ ታደሰ አቀረቀሩ። የታረቁትን ሰው ስም በክፉ ማንሳት እርቅ ማፍረስ ነው፤ ዝም ካሉ ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው ወህኒ ሊወርዱ ነው። እርስዎስ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? አንጀቴን በሉት።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ፤ «ሽማግሌ የጠየቀዎት ልብዎን ነው። ዳኛ የሚጠይቅዎት እጅዎን ነው።»

ቀጠሮው ደርሶ ጋሽ ታደሰ የአቶ ከድርን ዱላ ሳያስቀሩ የሆነውን ተናገሩ። የኮምባይነሩ ሹፌርም ያየውን መሰከረ። ከስንት ምልልስ በኋላ ፍርድ ቤቱ «ራሱን ሲከላከል ነው» ብሎ በነጻ አሰናበታቸው። በደስታ ስንወጣ አቶ ከድር በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት እንጂ ቁጣ አልነበረም።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ታደሰ። ብትታሰር አልወድም ነበር» አሉ። «ግን ካላጠፋህ፣ እኔ ያን ቀን ይቅር ያልኩህ ምኑን ነው?»

ጋሽ ታደሰ ወደ ጠበቃቸው ዞሩ። ያን ሁሉ ሕግ ስትተነትንልን የከረመችው ልጅ ቦርሳዋን ትበረብር ጀመር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጣሉ። ጋሽ ታደሰ ጥፋታቸውን ሊያምኑ ቆርጠዋል። ምን እንዳጠፉ ግን እስካሁን አላገኙትም።