በሩ ወዴት ይዙር?

[ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በገበሬው በያሕያ የማሽላ እርሻ ዳር። አጽብሃ ለሚስቱ ለመክሊትና ለልጆቹ የሚሠራው ክብ ጎጆ የአገዳ ግድግዳው ቆሟል፤ ክዳኑ ግን በአገሩ ልማድ መሬት ላይ ተሠርቶ፣ ወንዶች አንሥተው እስኪጭኑት ድረስ ከጎኑ ተቀምጧል። በግድግዳው ዙሪያ በር አይታይም። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩት አያ ጋረደው «የበሩን አቅጣጫ ከውስጥ ሆኜ እወስናለሁ» ብለው በመሰላል ገብተዋል። አጽብሃ ከውጭ ጭቃ ያቦካል።]

ጋረደው፦ ምሥራቅ ነው አልኩህ! በር የቤት ፊት ነው፤ ፊት ለጸሎት የሚዞረው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው። አለቀ!

አጽብሃ፦ እሺ፣ ወደ ምሥራቅ።

ጋረደው፦ ቆይ፣ አላለቀም። የክረምቱ ዶፍ ከየት ነው የሚመጣው?

አጽብሃ፦ ከምሥራቅ።

ጋረደው፦ ታዲያ ልጆችህን አልጋቸው ላይ ዋና ልታስተምራቸው ነው? ምን ዓይነት አባት ነህ!

አጽብሃ፦ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉት?

ጋረደው፦ እኔ የምናገረው ለሚያስብ ሰው ነው።

አጽብሃ፦ እንግዲያስ ወደ ምዕራብ ይሁን።

ጋረደው፦ በዚህ ፀሐይ? ከሰዓት በኋላ ሊጥ አስቀምጠህ ዳቦ ታወጣለህ።

አጽብሃ፦ ደቡብስ?

ጋረደው፦ ደቡብ አውራ መንገዱ ነው። ከከሰላ የሚመጣ ሎሪ ሁሉ አቧራውን ምሳህ ላይ አራግፎ ያልፋል።

አጽብሃ፦ ሰሜን?

ጋረደው፦ ሰሜን የያሕያ ፍየሎች በረት ነው። ፍየል «ቤቶች!» ብሎ አይጣራም፤ ዝም ብሎ ነው የሚገባ።

አጽብሃ፦ አራቱም አለቁ እንግዲህ።

ጋረደው፦ ለአንተ አለቁ! ለተማረ ሰው አቅጣጫ አያልቅም። አምስተኛውን እያሰላሁ ነው።

አጽብሃ፦ አያ ጋረደው፣ ስለ በሩ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ—

ጋረደው፦ ዝም! ሰኞ ምን አልኩህ?

አጽብሃ፦ «እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ ስለ በር አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አሉኝ።

ጋረደው፦ ጨርሻለሁ?

አጽብሃ፦ ኧረ አልጨረሱም።

ጋረደው፦ እንግዲያስ ጭቃህን አቡካ።

[ጋረደው ከውስጥ በግድግዳው አገዳ ላይ ጀርባቸውን አስደግፈው ይቀመጣሉ።]

ጋረደው፦ እፎይ! ተመስገን። አየህ፣ ዕውቀት ማለት ይህ ነው፤ በዚህ ሁሉ ቤት ነፋስ የሚገባባትን አንዲት ስፍራ ለይቼ ተደግፌያለሁ።

አጽብሃ፦ (ደንግጦ) እዚያች ላይ ባይደገፉ ይሻላል።

ጋረደው፦ ስለ በር ልትናገር ነው?

አጽብሃ፦ እ... አዎ፣ ወደ እሱ ነው የሚሄደው።

ጋረደው፦ እንግዲያስ ዝም!

አጽብሃ፦ እኔስ ዝም እላለሁ፤ መክሊት ግን ዛሬ ልጆቹን ይዛ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር ትመጣለች።

ጋረደው፦ ትምጣ! እግዚአብሔር በሰላም ያግባት።

አጽብሃ፦ በየት በኩል ያግባት ነው ነገሩ። የሐምዳይትን ድንበር ከተሻገርን ጀምሮ በድንኳን ነው የኖርነው። ድንኳን አይንኳኳም፤ ሰው ገለጥ አድርጎ ዘው ነው። «የምፈልገው የሚንኳኳ በር ነው። በር ካላየሁ ከመኪናው አልወርድም፤ ልጆቼን ይዤ እመለሳለሁ» ብላኛለች።

ጋረደው፦ (ድምፃቸው ዝግ ብሎ) ይህስ ከባድ ነገር ነው። (መልሰው ከፍ አድርገው) ስለዚህ ነው በጥድፊያ የማይወሰን! ይልቅ ምሳ አልደረሰም?

አጽብሃ፦ ፉሉ ደርሷል።

ጋረደው፦ አቀብለኛ።

አጽብሃ፦ በየት?

ጋረደው፦ በ... (ዙሪያቸውን ያያሉ) በላይ ወርውረው።

አጽብሃ፦ ፉል?

ጋረደው፦ ሳህኑን ቀጥ አድርገህ ከወረወርከው አይፈስም። የክብደት ሕግ ነው።

አጽብሃ፦ እኔ የክብደት ሕግ አላውቅም፤ ዘይቱ ራስዎ ላይ ቢፈስ ግን ኃጢአቱ የእኔ ነው።

ጋረደው፦ መሰላሉን አምጣው እንግዲያ!

አጽብሃ፦ የክዳኑን ጫፍ ሊያስሩበት ያሕያና ልጆቹ ወሰዱት።

ጋረደው፦ (ከት ብለው ይሥቃሉ) አይ አጽብሃ! አየህ ያለ ዕውቀት የሚሠራ ሰው መጨረሻ? ቤት ሠርተህ ውጭ ቀረህ! መግቢያ የለህም!

አጽብሃ፦ እርስዎስ?

ጋረደው፦ እኔማ ገብቻለሁ!

አጽብሃ፦ እውነትዎን ነው። ፉሉ ግን ከእኔ ጋር ውጭ ቀርቷል።

[ነጎድጓድ። ከክዳኑ በኩል «ያላ! ያላ!» እየተባባሉ የሚበረታቱ ወንዶች ድምፅ።]

ጋረደው፦ ማነው የሚጮህ?

አጽብሃ፦ ደመናው ጠቆረ፤ ያሕያና ሰዎቹ ክዳኑን ሊጭኑ ነው።

ጋረደው፦ ምን ላይ?

አጽብሃ፦ ቤቱ ላይ።

ጋረደው፦ እኔ እኮ ቤቱ ውስጥ ነኝ!

አጽብሃ፦ ገብቻለሁ አላሉም?

ጋረደው፦ አንተ ሰው፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው እንዴ! ከላይም ከጎንም ተዘግቶ! በር አውጣልኝ!

አጽብሃ፦ በየት?

ጋረደው፦ በምሥራቅ!

አጽብሃ፦ ዶፉስ?

ጋረደው፦ ይግባ!

አጽብሃ፦ በሰሜንስ ቢሆን?

ጋረደው፦ ፍየሎቹም ይግቡ! እኔ ብቻ ልውጣ!

አጽብሃ፦ ስለ በሩ መናገር ይቻላል ማለት ነው? ጨረሱ?

ጋረደው፦ ጨርሻለሁ! በመድኃኔ ዓለም፣ ጨርሻለሁ!

አጽብሃ፦ እንግዲያስ ከተደገፉበት ይነሡ።

ጋረደው፦ ነፋስ የሚገባባትን ስፍራ ላንተ ልለቅ? እንዲያውም—

[አጽብሃ ከውጭ አገዳውን ገልጦ የጣውላ መዝጊያ ይስባል። ጋረደው በጀርባቸው ወደ ውጭ ተዘርረው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።]

ጋረደው፦ ይህ... ምንድን ነው?

አጽብሃ፦ በር።

ጋረደው፦ መቼ ተሠራ?

አጽብሃ፦ ቅዳሜ። ፍየል እንዳይነካው ከውጭም ከውስጥም አገዳ አለበስኩት።

ጋረደው፦ ለምን አልነገርከኝም?

አጽብሃ፦ እርስዎ ሰኞ ጀመሩ፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። እስኪጨርሱ እየጠበቅሁ ነበር።

ጋረደው፦ (አቧራቸውን እያራገፉ) ደግሞስ አቅጣጫውን ማን አስተማረህ?

አጽብሃ፦ መክሊትን ጠየቅኋት።

ጋረደው፦ እሷ ስለ አቅጣጫ ምን ታውቃለች?

አጽብሃ፦ ምንም። «ከእርሻ ስትመለስ ከሩቅ እንዳይህ አድርገው» ብቻ ነው ያለችኝ።

ጋረደው፦ (ወዲያና ወዲህ አይተው) ይህ ምሥራቅ አይደለም። ሰሜንም አይደለም...

አጽብሃ፦ አምስተኛው ይሆን?

[በእርሻው መንገድ የሎሪ ጥሩምባ ይሰማል። ወንዶቹ ክዳኑን አንሥተው ግድግዳው ላይ ያሳርፉታል። የመጀመሪያው ጠብታ ይወርዳል። አጽብሃ ዘሎ ገብቶ በሩን ይዘጋል።]

ጋረደው፦ አጽብሃ! ምን እያደረግህ ነው?

አጽብሃ፦ (ከውስጥ) መክሊት እንድታይ ነው። እባክዎ፣ በዕድሜ የከበሩ ሰው ነዎት፤ መጀመሪያ እርስዎ ያንኳኩት።

[ጋረደው ያንኳኳሉ።]

አጽብሃ፦ ማነው?

ጋረደው፦ ጋረደው ነኝ፤ ክፈት፣ ልግባ!

አጽብሃ፦ ቅድም ልውጣ አላሉም?

[ከሎሪው ላይ የመክሊት እልልታ ይሰማል፤ በሩ ሲንኳኳ ከሩቅ አይታለች። ልጆቿን ይዛ ለመውረድ ትነሣለች። ዶፉ ይወርዳል።]

ጋረደው፦ (ጋቢያቸው እየራሰ፣ ጣታቸውን ወደ በሩ ቀስረው) በመጀመሪያ ነገር፣ ሽማግሌ ሲያንኳኳ «ማነው» አይባልም! የማንኳኳት ሥርዓት ሦስት ነው፤ አንደኛው—

አጽብሃ፦ (ከውስጥ፣ በታላቅ ትሕትና) እሺ አያ ጋረደው። ሲጨርሱ ይግቡ።