«ወረዳውስ?» የሚሉት ጋሽ ሀብቱ

የኦክላንዱ ጋሽ ሀብቱ ሬሳ ቀስቅሰው «ትውልድህ የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ ተብሎ ተወርቷል። ሐሜት ነው። ጋሽ ሀብቱ የሚጠይቁት ሰው ሳይሞት፣ ገና ጉንፋን ሲይዘው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት እድር የለም። የክቡርነታቸው ሥራ በቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ማንበብ ነውና፣ የትውልድ ቦታው ያልተጣራ ሰው አይሸኙም። «ጎጃም» ቢሏቸው «አውራጃው?» ይላሉ። አውራጃውን ሲነግሯቸው «ወረዳውስ?» ይመጣል። አገር ቤት ካርታው እንደ አዲስ ተሸንሽኖ አውራጃ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ እሳቸው ግን አልሰሙም፤ ቢሰሙም አልፈረሙም። እዚሁ ባሕር ማዶ ያደገችው የእድሩ ልጅ፣ ወጣቷ ምሥጢር እንኳን አላመለጠችም።

«አይም ፍሮም ሳን ፓብሎ፣ ጋሼ።»

«እሱ ማደሪያሽ ነው። ወረዳውስ?»

ታዲያ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጃፓናዊው ሽማግሌ፣ ሚስተር ኦካ፣ ሳንባቸውን ታመው ሲተኙ ጋሽ ሀብቱ ሾርባ ይዘው ገቡ፤ ጥያቄያቸውንም ጭምር። ሚስተር ኦካ የተወለዱት ካሚኖሴ በምትባል፣ ሩዝ በከበባት ትንሽ የገጠር ከተማ ነበር። ጎረቤቷ ትልቁ ከተማ እየሰፋ መጥቶ ጠቀለላት፤ ስሟም ተሰረዘ።

«ታሪኬን ስታነብ በዚያ ትልቅ ከተማ ተወለደ እንዳትል» አሉ ሚስተር ኦካ እያሳሉ። «ካሚኖሴ በል። አደራ።»

ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

ሽኝቱ ሳን ሆዜ ነበር። የሚስተር ኦካ የእህት ልጅ ጋሽ ሀብቱን በር ላይ ያዘቻቸው።

«ሚስተር ሀብቱ፣ ፕሊስ የትልቁን ሲቲ ስም ይበሉ። የድሮው ስም ማፕ ላይ የለም፤ ሰው ኮንፊውዝ ይሆናል።»

«እሺ» አሏት። የጋሽ ሀብቱ «እሺ» ምን እንደሆነ ልጅቷ ከየት ታውቃለች? ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሚስተር ኦካ በካሚኖሴ ተወለዱ» ብለው አነበቡ።

ስሙን ሰምቶ ቀና ያለ ሰው አልነበረም። ቦታውን ኖረውበት የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም እንደ አገራቸው ወግ ሬሳቸው ተቃጥሎ፣ አመድ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል።

ወደ ኦክላንድ ሲመለሱ የምትነዳው ምሥጢር ነበረች፤ ከኋላ የእድሩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀዋል።

«ጋሼ፣ የሚያውቀው ሰው ከሌለ ዋት ኢዝ ዘ ፖይንት?»

ጋሽ ሀብቱ መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ወረዳ፣ ከነቀበሌው፣ ከነወንዙ፣ በቃላቸው ይዘዋል። ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣

«ለመሆኑ» አሉ፣ «እኔ የተወለድኩት የት ነው?»

አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም ነበርና ሁሉም በየመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።