የአያ ተገኘ መስክና እንግዳው ጉንዳን

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል። ያደነቁት ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም። እኔ ልንገራችሁ፤ ያደነቁት ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። የደርግን ዘመን በስብሰባ ያሳለፋችሁ ሳልምል ታምኑኛላችሁ።

ያኔ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ። ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር የገበሬ ማኅበሩን ቃለ ጉባዔ እንድይዝ ተመረጥኩ፤ ተመረጥኩ ስል አልተጠየቅኩም። ካድሬያችን በየሳምንቱ ከአውራጃ እየመጣ ያወያየናል። ተወያየን ማለት እሱ ተናገረ፣ እኛ አጨበጨብን ማለት ነው። የሚወደው ምሳሌ ጉንዳን ነበር። «ጉንዳን ባላባት የለውም! ጭሰኛ የለውም! ተደራጅቶ ይሠራል!» ይላል። እናጨበጭባለን።

ታዲያ ምርጥ ዘር ተብሎ በመኪና ከመጣው ጆንያ ጋር አንድ እንግዳ ጉንዳን ወርዶ መጋዘኑ ሥር ከተመ። የእኛው ጥቁር ጉንዳን ተሰልፎ ይመጣል፣ ተሰልፎ ይሄዳል። ይህ ግን ቀይ፣ ደቃቅ፣ መሄድ የሚባል ነገር የማያውቅ ነው። ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለው የአያ ተገኘ የግጦሽ መስክ ነበር። ሽማግሌው ያሏቸውን ሁለት በሬዎች የሚያኖሩት በዚያች መስክ ሣር ነው።

በዚያው ሰሞን መመሪያ ወረደ። አይጥ የሕዝብ ጠላት ስለሆነች አባወራ ሁሉ ከየመስኩ እየያዘ በሳምንት አምስት የአይጥ ጭራ ያስረክብ፤ ያላስረከበ አሻጥረኛ ነውና መስኩ ለጋራ እርሻ ይወሰድበታል። ሌላው ድንበር ድንበሩን እየቆፈረ አመጣ። አያ ተገኘ ሁለት ሳምንት ባዶ እጃቸውን መጡ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅል ይዘው መጡ።

«ጌታዬ… ጓድ ማለቴ ነው» አሉ። «አይጧን አልሸሸግኋትም። ይሄ መጤ ጉንዳን ጉድጓዷ ገብቶ ዓይኑን ያልገለጠ ልጇን ፈጀባት። የተረፈችው አገር ለቃ ሄደች። ጥንቸሏም እንደዚያው።»

«ጉንዳን የሠርቶ አደሩ ምሳሌ ነው!» ብሎ ጮኸ ካድሬው። «ስሙን ማጥፋት አሻጥር ነው!»

አያ ተገኘ ቅሉን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ካድሬው ክርኑን አጠገቡ አስደግፎ ስለ መደራጀት ንግግሩን ቀጠለ። የተደራጁት ደግሞ በእጅጌው ገቡ። መጀመሪያ አከከ፤ ከዚያ ዘለለ፤ ከዚያ ጃኬቱን ወርውሮ የሱሪውን ቀበቶ ሲፈታ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ልማድ ሆኖበት ነው።

«መስኩ ለማኅበሩ አያስፈልግም!» አለ ካድሬው እያከከ። እኔም ጻፍኩ፦ ጓድ ካድሬው ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመሩ በኋላ መስኩ ለባለይዞታው እንዲቀር ወሰኑ።

መስኩ ቀረላቸው። በሬዎቹ ግን አፍንጫቸውን እየተነከሱ አልግጥ አሉ። ከወር በኋላ ሳልፍ፣ አያ ተገኘ እግራቸውን አመድ ቀብተው፣ ሣር አጭደው፣ ነዶውን እያራገፉ ለበሬዎቻቸው ሲሸከሙ አገኘኋቸው። አንጀቴን በሉት።

«እንኳን መስኩ ተረፈልዎት፣ አያ» አልኳቸው።

«ተረፈ፣ መምህር። ግን አይጧ ናፈቀችኝ።»

«አይጥ?»

«እሷም ትበላን ነበር። ግን በልታ ዝም ትላለች፤ አጨብጭቡልኝ አትልም።»

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዘኝ አጨበጨብኩ።