ቧንቧ የገባ ውሃ

ሰይፈ በማዘጋጃ ቤቱ የከተማው ውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲሾም፣ ተወልዶ ያደገበት የላይ ሰፈር ሰው ከደስታው ብዛት የእድሩን የውሃ አህዮች ሸጦ በግ አረደ። የገዛ ልጃቸው ውሃው ላይ ተቀምጦ አህያ ምን ያደርጋል?

በጉ ተበላ፤ ውሃው ግን ከጠብታ አላለፈም። የላይ ሰፈር ጀሪካኑን በገዛ ጀርባው ይጭን ጀመር። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ እማማ ትርንጎ ሰይፈን ሊያነጋግሩ ወረዱ። በተሾመ ሰሞን ደጅ ድረስ ወጥቶ ጉልበታቸውን ስሞ ነበር የተቀበላቸው። ዛሬ ጸሐፊዋ ዘንድ ሲጠብቁ አርፍደው ሲገቡ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘረጋላቸው። አልከፋቸውም ብል እዋሻለሁ።

"ውሃው ምን ነካው፣ ልጄ?"

ሰይፈ ማስረዳት ይወዳል። ወረቀት ስቦ ቧንቧ ሣለላቸው።

"ውሃ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ሁሉም እኩል ነው የሚሄደው፣ እማማ። ግን ዳር ያለውን ግድግዳው ይይዘዋል። የተያዘው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ይጎትታል። እንዲህ እያለ መሃል ድረስ ይዘልቅና አካሄዱ ይረጋል። ከዚያ ወዲያ መሃል ያለው ይሮጣል፣ ግድግዳው ጋ ያለው ቆሞ ይቀራል።"

"ሲገባ ግን እኩል ነበር?"

"ሲገባማ እኩል ነበር።"

"ያኔ እንዴት ደስ ይል ነበር" አሉ እማማ ትርንጎ ከልባቸው። "ከረጋ በኋላስ?"

"ከረጋ አለቀ። የፈለገውን ያህል ርቀት ቢሄድ አካሄዱ አይለወጥም፤ የትም ቢለኩት ያው ነው። ጉልበቱ ብቻ እየደከመ ይሄዳል። እናንተ ጋ ሲደርስ ጠብታ የሚሆነው ለዚህ ነው።"

"ብንታገሠውስ?"

"ትዕግሥት ምን ያደርግለታል? ቧንቧው ቀጥ ብሎ እስከሄደ ድረስ ያው ነው። ወይ ማጠፍ፣ ወይ መቀየር ነው።"

እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"እግዜር ይስጥህ። ትናንት እድሩ 'ማዘጋጃ ቤት ሄደን ይቀየርልን እንበል' ብሎ ሲነሳ፣ 'ተዉ፣ ይሻሻላል' ብዬ ብቻዬን የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ።"

ሰይፈ የቧንቧው ትምህርት ስለገባቸው ደስ አለው።

"እድሩ ትክክል ነው፣ እማማ። እኔም እደግፋለሁ።"

"ተባረክ፣ ልጄ" አሉ እማማ ትርንጎ በሩን እየከፈቱ። "እንግዲያ የቀረ ተቃዋሚ የለም።"