ቀኛዝማችና ግራዝማች በር ላይ

እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህን አገር ወደ ኋላ ያስቀረው ድህነት አይደለም፤ «ይቅደሙ» ነው! አትሳቁ። ጎንደር ውስጥ ሠርግ ተጠርታችሁ አታውቁም? ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ ይገናኛሉ። «ይግቡ።» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» «በሞቴ!» «እኔ ልሙት!» ከኋላ የቆመው ሕዝብ በዝናብ ይበሰብሳል... እነሱ በክብር ይገፋፋሉ። የጨዋ ልጅ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ሌላውን በዝናብ የሚያስደበድብ!

እኔም የዚሁ ጉድ ውጤት ነኝ። የቄስ ልጅ ነኝ፣ ኮሌጅ አስተምራለሁ፣ ምርምሬ ሮቦት ላይ ነው። ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ያሉት ጎረቤቶቼ ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ማሽን የማያውቀው ቤት ሲገባ የት እንደቆመ እንዲያውቅ ማስተማር ነው» እላቸዋለሁ። «አይ ልጄ፣ አንቺስ የት እንደቆምሽ ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። ማበረታቻ ማለት ይህ ነው።

ሥራውን የምሠራው ከባልደረባዬ ከሰይድ ጋር ነው። የጫማ ሳጥን የሚያካክሉ ሁለት ባለጎማ ሮቦቶች አሉን። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ሄዶ ቤቱን ስለሚቃኝ ቀኛዝማችና ግራዝማች አልናቸው። የጎማቸውን ዙር እየቆጠሩ፣ የግድግዳውን ርቀት በድምፅ ሞገድ እየለኩ ይዞራሉ፤ ከዚያ ያዩትን አጋጥመው አንድ ካርታ ይሠራሉ።

የምንሠራበት ክፍል ድሮ የወንበር ስብርባሪ መጣያ ነበር። በእሱም ላይ የኮሌጁ የአስተዳደር ኃላፊ አቶ ተካ ዓይናቸውን ጣሉበት፤ ሶፋ አስገብተው የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርጉት! የእኛ አስተዳደር ለምርምር ቦታ ያጣል እንጂ ለሶፋ አጥቶ አያውቅም። ስንጨቃጨቅ ከረምንና በመጨረሻ «ከአዲስ አበባ እንግዶች ሲመጡ አሳዩ» አሉን። «መጫወቻችሁ ሕንፃውን ዞሮ ሙሉ ካርታ ከሠራ ክፍሉ የእናንተ፤ ካልሠራ የእኛ።» እሺ አልን። ሌላ ቦታ የለንም፤ ያን ክፍል ካጣን ሥራው አበቃ።

ሰይድን ያሳሰበው መጋጨት ነበር። «በእንግዳ ፊት ቢላተሙ እናፍራለን» ብሎ ደንብ ጻፈላቸው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ሌላውን ካገኘህ ወደ ኋላ በል፣ እሱ እስኪያልፍ ጠብቅ። ለሁለቱም ያው ደንብ! እኔም አነበብሁት፤ እንከን አልታየኝም። እንዴት ብሎ ይታየኛል? ሰይድ የነባር የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሰው ሳያስቀድም ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። እኔም ያው ነኝ። ስንሞክራቸው የከረምነው ደግሞ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሮቦቶቹ ኮሪደሩን ጨረሱ፣ ቢሮዎቹን ጨረሱ። እንግዶቹ ካርታው ስክሪኑ ላይ ሲሰፋ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምንም አልገባቸውም፤ ግን ራስ መነቅነቅ የሹመት ግማሹ ነው! ያልታየ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ የእኛው ክፍል። ሁለቱም ወደዚያው ዞሩ፤ በሩ ላይ ተገናኙ።

ቀኛዝማች ወደ ኋላ አለ። ግራዝማችም ወደ ኋላ አለ። ተጠባበቁ። ከዚያ እኩል ጠጋ አሉ... እኩል አፈገፈጉ። እንደገና ጠጋ... እንደገና ማፈግፈግ!

«ምነው አይገቡም?» አሉ ዋናው እንግዳ።

ሰይድ ላቡን እየጠረገ «እ... እየተከባበሩ ነው» አለ።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እንግዳው ተነሥተው አጨበጨቡ። «ባህሉን የጠበቀ ቴክኖሎጂ ማለት ይህ ነው!» ባትሪያቸው አልቆ ሁለቱም በር ላይ እስኪሞቱ ድረስ ተጨበጨበላቸው።

እኔ ሞኟ ጭብጨባውን አምኜ «እንግዲህ ክፍሉ...» ስል አቶ ተካ ካርታውን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ክፍሉ የታለ? ካርታው ላይ የለም። የሌለ ክፍል ብንወስድባችሁ ምን ይጎድልባችኋል?»

ለዚህም ተጨበጨበ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሏችኋል ይኸው ነው። አልዋሻችሁም፤ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ተካ ሶፋቸውን አሸክመው መጡ። ሰይድ ውስጥ ዕቃ ይሰበስባል። በሩን ከፈትሁላቸው። እግራቸውን አነሡና... ደፉ ላይ ቆሙ። አስተዳደጋቸው ያዛቸው!

«ይግቡ፣ ዶክተር።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ አቶ ተካ!»

«በሞቴ! እርስዎ ሳይገቡማ አልገባም።»

አባቴ ይቅር ይበለኝና፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» ብዬ ገባሁ። በሩንም ከውስጥ ቀረቀርሁት።

ይህን የምጽፍላችሁ ከውስጥ ሆኜ ነው። ሰይድ አጠገቤ የግራዝማችን ደንብ እየለወጠ ነው፤ ከእንግዲህ ማንንም ሳይጠብቅ ይገባል። አቶ ተካ ኮሪደሩ ላይ፣ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቅድም ከተሸካሚዎቹ አንዱ «በሩን እንስበረው እንዴ?» ሲላቸው ሰማሁ።

«ኧረ ነውር ነው!» አሉት ደንግጠው። «ግቡ ሳንባል?»