የጋሼ ዳምጤ ካልሲ

እኛ «አፍሪካ» ስንል፣ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሁልጊዜ ሌላ ሰፈር ነው። የአፍሪካ ጦርነት፣ የአፍሪካ ስደት በዘጋቢ ፊልም ሲመጣ ከንፈር እንመጥጣለን፤ የራሳችንን ግን «የድሮ ነገር» ብለን እናልፈዋለን። ለሩቅ ሰው ማዘን እኮ ቀላል ነው፤ ተነሡና ድረሱልኝ አይልም።

መቱ ከተማ የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ዘመድ የለኝም። እዚህ ደግሞ ዝናቡ አንዴ ከያዘ ሰውን ከአራት ግድግዳ ጋር ያፋጥጠዋል። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ እትዬ ጽጌ ሻይ ቤት እሄዳለሁ። ቴሌቪዥን አላቸው፤ ቴሌቪዥን ያለበት ደግሞ ሰው አይጠፋም። በረንዳቸው ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሼ ዳምጤም የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ገብተው ጥግ ይይዛሉ። እንደ እኔው ብቸኛ ናቸው። ለምን እንደሆነ ጠይቀናቸው አናውቅም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን።

አንድ ቀን ኳስ እስኪጀምር ስንጠብቅ ዘጋቢ ፊልም መጣ። በልጅነታቸው ጠመንጃ ያሸከሟቸው፣ አሁን አናጢነት ተምረው ወደየቤታቸው የሚመለሱ ወጣቶች ናቸው። አንዱ መንደሩ ሲደርስ እናቱ እግሩን አጠበችው፤ ሰፈሩ እልል አለ። እትዬ ጽጌ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ የአፍሪካ ልጆች መከራቸው አያልቅም አሉ። እኛም ከንፈራችንን መጠጥን።

«እኔም ከተወለድኩበት ከኖፓ ገበያ የታፈስኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው» አሉ ጋሼ ዳምጤ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህኔ ነው።

በደርግ መጨረሻ፣ ልጅ ከገበያ እየታፈሰ ጦር ግንባር ይላክ በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። ኖፓ ላይ ሞቷል ተብሎ ተለቀሰ፤ ተዝካራቸው ተበላ። እናታቸውም ሐዘኑን አልቻሉትም፣ ተከትለው ሞቱ። ጦርነቱ አልቆ ጋሼ በእግራቸው ሲገቡ የጠበቋቸው ያንን ተዝካር የበሉ ጎረቤቶች ናቸው። ሰው ለሞተ የሚለውን ያውቃል፤ ከመንገድ ለተመለሰም ያውቃል። ተዝካሩን ለበላለት ሰው ግን ምን ይላል? አፍረው ዝም አሉ። ጋሼም ዝምታውን አልቻሉትም፤ መቱ መጥተው ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ሱሪ ያሳጥራሉ።

«ክፉ የተናገረኝ የለም» አሉ። «እንኳን ደህና ገባህ ያለኝም የለም።»

እትዬ ጽጌ ተነሥተው ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። ጫማህን አውልቅ አሏቸው። ጋሼ እግራቸውን ወንበሩ ሥር ሰበሰቡ።

«ዛሬ ይቅር፣ እትዬ። ካልሲዬ ተቀዷል።»

የከተማውን ቀዳዳ ሁሉ የሚደፍን ሰው! ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። ግን ለብቻው የሚኖር ሰው ካልሲውን ማን ያይለታል? ኳሱ ተጀመረ፤ ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም።

በማግስቱ ጋሼ ዳምጤ አዲስ ነጭ ካልሲ አድርገው መጡ። ተቀምጠው እግራቸውን ትንሽ ወደፊት ዘርጋ አደረጉ። ውሃው ለብ ብሎ ይጠብቅ ነበር። እትዬ ጽጌ ተንበርክከው እያጠቧቸው፣ ኖፓ ያልነገራቸውን በኖፓ አፍ፣ በኦሮምኛ፣ «ባጋ ነጋን ገልቴ» አሏቸው፤ እንኳን ደህና ገባህ። ጋሼ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ዝናብ ሸሽቶ የገባ የባጃጅ ሾፌር ግራ ገብቶት፣ እንግዳው ከየት መጥተው ነው ብሎ ጠየቀ።

«ከጦር ሜዳ» አሉ እትዬ ጽጌ። «አሁን መግባቱ ነው።»

ዝናቡ ሲያባራ እኔም ወደ ኪራይ ቤቴ ሄድኩ። በሬን ከፈትኩ፤ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ካልሲዬን አየሁት። ደህና ነው። ውሃም አለ። የሚያፈስልኝ ብቻ ነው የሌለው።