ጋሼ ሽባባው እና ባንድ ሦስት

እያንዳንዱ ሰፈር ማንም ያልሾመው የኔትወርክ ሚኒስትር አለው። ደሞዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ «ኔትወርክ እምቢ አለ» ሲባል ግን ምሳውን ጥሎ ይመጣል። በቆሰበር ከተማ የእኛ ሰፈር ክቡርነታቸው ጋሼ ሽባባው ናቸው።

ከእናቷ ጋር የምትኖረው ወጣቷ ቤዛዊት ቤት ሞደም ከገባ ወዲህ ክቡርነታቸው ጠፍተው አያውቁም። «ፍጥነቱ እንዴት አደረ?» ይላሉ፣ ሰው እንዴት አደረ ሳይሉ።

«ደህና ነው ጋሼ።»

«ባንዱ ሳይመረጥ ምን ደህና አለ!»

ባንድ ማለት በእሳቸው ትርጓሜ ሞደሙ ከኔትወርኩ ታወር ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። «ባንድ ሃያ የጭነት ፈረስ ነው፤ ሩቅ ይሄዳል፣ ግን ይጎተታል። ባንድ ሦስት የጉግስ ፈረስ ነው! ሞደሙን ለራሱ ከተውሽው የለመደውን ይዞ ያዘግማል» ይሉና ስልኳን ተቀብለው ሴቲንጉን ይጎረጉራሉ። ባለፈው ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ሳይቀመጡ ዐይናቸው መስኮቱ ላይ ካለው ሞደም ላይ አረፈ፤ ሠልስቱ ሳይወጣ ባንዱ ተቀየረ። ባለሱቋ ከዲጃማ «ወላሂ ጋሼ፣ ሳይነኩት በፊት ይሠራ ነበር!» ብላ ጮኻለች። «ይሠራ ነበር እንጂ መች ይሮጥ ነበር?» አሏት።

ለቤዛዊት ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ከቤት ሆኖ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ሐሙስ በቪዲዮ ሊፈትናት ቀጠሮ ሰጥቷታል። ካለፈች እናቷን እያስታመመች እዚሁ ትሠራለች፤ ከወደቀች ሻንጣዋን ይዛ ሥራ ፍለጋ መውጣቷ ነው።

ረቡዕ ከጓደኛዋ ጋር ስትሞክረው ምስሉ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አላስፈለጋትም፤ ክቡርነታቸው ሰፈሩን በሙሉ ባንድ ሦስት ላይ ስለጫኑት መንገዱ እንደ ገበያ ቀን ታጭቋል። ጋሼ ሲመጡ አላስቻላትም።

«ይተዉኝ ጋሼ! አገሩን ሁሉ አንድ መንገድ ላይ አፍሰው እኔን መድረሻ አሳጡኝ!»

ጋሼ ሽባባው ያን ዕለት ስልኳን ሳይነኩ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። ቤዛዊት ወዲያው ቆጫት፤ ትልቅ ሰው ላይ ጮኸች።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ተቀደደ። እሷም ጸልያ ስልኳን ከፈተች፤ ምስሉ እንደ መስታወት ጠራ፤ አንዴም ሳይቆራረጥ ፈተናው አለቀ። ዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ከዲጃ ሱቅ ገባች።

«ጨረስሽ? በይ አሁን ጋሼ ሞደሜን ወደ ባንድ ሦስት ይመልሱልኝ!» አለች ከዲጃ። «ጋሼ ሽባባው ከንጋት ጀምረው በዚህ ዶፍ ቤት ለቤት እየዞሩ ሁላችንንም ወደ ባንድ ሃያ አወረዱን። 'ወንፈል ሲወጣ የአንዱ ማሳ ነው የሚታጨደው፤ ዛሬ ተራው የቤዛዊት ነው' አሉ። ማን እምቢ ይበላቸው?»

ይህን ጊዜ ክቡርነታቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ከተፍ አሉ። ስለ ፍጥነቱ አልጠየቁም።

«እህሳ፣ ምን አሉሽ?»

«ሰኞ ጀምሪ አሉኝ፣ ጋሼ።»

ከዲጃ እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሼ ሽባባው የስኳር ጆንያ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ እንደገና ጠረጉ።

«እንግዲያው» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «አትሄጂብንም ማለት ነው።»